ክረምት ሲወጣ የጓሮ አትክልት፦ ጎጃም ላይ ከየት ይጀመራል?

ዩቲዩብ ላይ ስለ ጓሮ አትክልት የሚያስተምሩ ፈረንጆች ሽር ጉድ የሚሉት መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ነው። በረዶው ቀለጠ፣ አፈሩ ሞቀ፣ በሉ ዘር እንዝራ ይላሉ። በአገራቸው ልክ ናቸው። ይህን አይቶ በመጋቢት ፀሐይ ባሕር ዳር ወይም ፍኖተ ሰላም ላይ ጓሮውን ሊቆፍር የሚነሳ ሰው ግን ትርፉ ድካም ነው። አፈሩ ደርቆ ዶማ ይመልሳል፣ የጉድጓዱ ውሃ ወርዷል፣ ቧንቧው በፈረቃ ነው። ችግኙ እንደምንም ቢበቅል እንኳ የሚያጠጣው ያጣል።

የእነሱን የዘር ጊዜ የሚወስነው ሙቀት ነው፣ የእኛን ደግሞ ውሃ። ጎጃም ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ10 እስከ 12 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ የቀኑ ሙቀት ከወር ወር ያን ያህል አይራራቅም። የሚራራቀው ዝናቡ ነው። ሰኔ ላይ ይጠናከራል፣ ሐምሌና ነሐሴ ያለ ፋታ ይወርዳል፣ ከመስቀል ወዲህ እየሳሳ ይሄዳል። አዊና ምዕራብ ጎጃም ላይ አንዳንድ ዓመት ጥቅምትንም ይዞ ይቆያል። ከዚያ በኋላ እስከ ግንቦት ድረስ የሚጥለው ለስሙ ነው። ክረምቱ አፈር ውስጥ ጥሎት የሚሄደው እርጥበት እንደ ወር ደመወዝ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለዋናው ነገር ካላዋሉት የት እንደገባ ሳይታወቅ ያልቃል። ስለዚህ ለጓሮ ዋናው የሥራ ጊዜ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ያለው ነው።

ብዙ ሰው አደይ አበባ ሲያይ ዘር ሊገዛ ይሮጣል። ቆይ፣ ዘሩ ይደርሳል። መጀመሪያ አፈሩን እንየው።

የመስከረም አፈር ውሃ ጠግቧል። ውሃ የጠገበ አፈር ላይ ቆሞ መቆፈር ደግሞ ጉዳቱ ዓመቱን ሙሉ ይከተላችኋል። በእግር ሲረገጥ በውስጡ ያለው የአየር መተላለፊያ ይደፈናል፣ ሲደርቅም ጓል ሆኖ ይቀራል፣ ሥር አያስገባም። መቼ እንደሚቆፈር ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ከ10 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት አንድ እፍኝ አፈር አውጡና ጨብጡት። ከዚያ በአውራ ጣት ነካ አድርጉት። ፍርክስክስ ካለ ዶማችሁን አንሱ። ተጣብቆ የጣታችሁን አሻራ ይዞ ከቀረ ሦስት አራት ቀን ታገሡ።

ይህ ትዕግሥት በተለይ ለዋልካ ሰዎች ነው። ብቸና፣ ደጀንና እነማይ አካባቢ ያለው ጥቁር አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በመሃል ለቁፋሮ የሚመቸው ጊዜ ጥቂት ቀን ብቻ ነው። ዛሬ ጭቃ ነው ብላችሁ ትታችሁት በሳምንቱ ስትመለሱ ድንጋይ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ዋልካ ላይ መደቡን ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ሥሩ፣ በመደብና በመደብ መካከል ውሃ መውረጃ ቦይ ይኑር። ድንገት የጥቅምት ዝናብ ቢመጣ ሥሩ ውሃ ውስጥ ተኝቶ አይታፈንም። የመደቡ ስፋት አንድ ሜትር ይብቃው፤ ከሁለቱም በኩል እጃችሁ መሃል ይደርሳል፣ መደቡ ላይ መውጣት አያስፈልግም።

ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላም፣ መራዊ፣ ዳንግላ ወደ ቀዩ አፈር ስንሄድ ቁፋሮው ቀላል ነው። ውሃም አይተኛበትም። ችግሩ የማይታይ ነው፦ አሲድ። ነገሩ እንዲህ ነው። ለብዙ ዘመን የወረደ ከባድ ዝናብ በአፈሩ ውስጥ ያለውን ካልሲየምና ማግኒዥየም እያጠበ ወደ ታች ይወስደዋል። የሚቀረው ሃይድሮጅንና አሉሚኒየም ነው። የአፈር አሲድነት የሚለካበት ፒኤች የሚባለው ሚዛን ላይ 7 ማለት ሚዛኑን የጠበቀ ነው፤ አብዛኛው አትክልት ከ6 እስከ 7 ባለው ይደሰታል። ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየሙ ይሟሟና ሥሩን ያቀጭጨዋል። ፎስፈረስ ደግሞ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ይጣበቅና ተክሉ ሊያገኘው አይችልም። ማዳበሪያ ትጨምራላችሁ፣ ማዳበሪያው አፈሩ ውስጥ አለ፣ ጎመናችሁ ግን ይራባል። አንድ ጨምሩበት፦ በዚህ ሚዛን አንድ ቁጥር መውረድ ማለት አሲዱ አሥር እጥፍ ጨመረ ማለት ነው። 5 እና 6 በወረቀት ላይ ጎረቤት ቢሆኑም በመሬት ላይ በጣም ይራራቃሉ።

እንጅባራና ባንጃ አካባቢ ይህ የታወቀ ነው፤ ገበሬው ኖራ እየበተነ ነው የሚያርሰው። ለአንድ ጓሮ ኖራ በኩንታል መግዛት ላያስፈልግ ይችላል። የምድጃ አመድ አለ። አመድ አሲዱን ያበርደዋል፣ ፖታሲየምም ይጨምራል። ለአንድ ካሬ ሜትር ሁለት እፍኝ ያህል በትኑና ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉት፣ ከተከላው ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድሞ። ከእርጥብ ፍግ ወይም ከዩሪያ ጋር በአንድ ቀን አትቀላቅሉት፤ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ወደ ሰማይ ይሄዳል፣ ሽታውን ራሳችሁ ትሰሙታላችሁ። ድንች የሚተከልበት መደብ ላይም አመድ አታብዙ፣ ልጡ ላይ ቅርፊት ያመጣል። ዋልካ ላይ ያላችሁ ሰዎች ደግሞ አመዱን ለሌላ ነገር አቆዩት፤ አፈራችሁ በአብዛኛው አሲድ አይደለም፣ ብትጨምሩበት ወደ ሌላው ጫፍ ትገፉታላችሁ። እርግጡን ማወቅ የሚፈልግ ከአምስት ስድስት ቦታ አፈር ቀላቅሎ አንድ ኪሎ ያህል ይያዝና ባሕር ዳር ያለው የአፈር ምርመራ ላቦራቶሪ ይሂድ፣ ወይም የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ያማክር።

ከአመድ ወደ ጭስ እንሻገር። ኅዳር 12 ሲታጠን ሰፈሩ ሁሉ ይጨሳል። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. አገር የጨረሰውን የኅዳር በሽታ የሚያስታውስ ነው፤ ዛሬም ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል። ማጠኑን ተዉ ማን ይላል? ግን ጓሮ ያለው ሰው ቆሻሻውን ለይቶ ያጭስ። በመስከረም የታረመ አረም፣ የበቆሎ አገዳ፣ የወደቀ ቅጠል፣ የከብት በረት ጥራጊ፣ ይህ ሁሉ የሚቀጥለው ዓመት ማዳበሪያ ነው። ካቃጠላችሁት አመዱን ብቻ ታገኛላችሁ፣ ናይትሮጅኑና አፈር የሚያለሰልሰው ነገር በጭሱ ይሄዳል። ፕላስቲኩን ደግሞ ጭራሽ ከእሳቱ አርቁት፤ ከእሱ የሚወጣ አመድ ጓሮ ላይ አይበተንም።

ብስባሽ ማዘጋጀት ወሬው የበዛ፣ ሥራው ግን ትንሽ ነው። ደረቅ ነገር አንድ ንጣፍ፣ እርጥብ ቅጠል አንድ ንጣፍ፣ ፍግ ጣል፣ አፈር ነስነስ፣ እንደገና። አንድ ሜትር ገደማ ከፍ ሲል በገለባ ወይም በኮባ ቅጠል ሸፍኑት። እርጥበቱ ስትጨብጡት እጃችሁን የሚያረጥብ፣ ግን የማያንጠባጥብ ይሁን። ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ ገልብጡት፤ መሃሉ ላይ እንጨት ሰክታችሁ ስታወጡት ቢሞቅ እየሠራ ነው። ባሕር ዳር ላይ በሦስት ወር ሊደርስ ይችላል፣ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ብርዱ ስላለ ይቆያል። የባሕር ዛፍ ቅጠል አታብዙበት፤ ቶሎ አይበሰብስም፣ በውስጡ ያለው ዘይትም ቡቃያ አይወድም። በነገራችን ላይ አጥራችሁ ባሕር ዛፍ ከሆነ መደቡን በተቻለ መጠን አርቁት፤ ሥሩ ከአጥር ዘልቆ ገብቶ ውሃችሁን ይጠጣል፣ እናንተም ማን እንደጠጣው ሳታውቁ በየቀኑ ታጠጣላችሁ።

ትኩስ ፍግ በሰላጣና በካሮት ላይ አይጨመርም። በጥሬው የሚበላ ነገር ላይ ፍግ ከጨመሩ እስከ መሰብሰብ አራት ወር ቢያልፍ ጥሩ ነው፤ በመሃሉ ያለውን ጀርምና የትል እንቁላል ጊዜው ያዳክመዋል። የዶሮ ኩስ ደግሞ ኃይለኛ ነው፣ ሳይበስል ከተጨመረ ችግኙን ያቃጥለዋል።

አሁን ወደ ከፍታ። አንድ ሰው ባሕር ዳር ያለች እህቱ ቲማቲም በጥቅምት ተክላ በጥር ለቀመች ብሎ ደብረ ማርቆስ ላይ ያንኑ ቢያደርግ ላይሆንለት ይችላል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 በላይ፣ እንጅባራ ከ2,500 በላይ። በየመቶ ሜትሩ ሙቀቱ ግማሽ ዲግሪ ያህል፣ ትንሽ አለፍ ብሎም ይቀንሳል። በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ መካከል ያለው ልዩነት ወደ አራት ዲግሪ ይጠጋል ማለት ነው። ቀን ላይ ይህ ምንም አይመስልም። ነገሩ የሚለየው ሌሊት ላይ ነው።

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ጥርት ይላል። ቀን ፀሐይ ያሞቀው መሬት ሌሊት ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቃል፤ ደመና ቢኖር መልሶ ይይዝለት ነበር፣ ደመና የለም። ነፋስም ከሌለ መሬቱን የነካው አየር ይቀዘቅዛል፣ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ቁልቁል ወርዶ ረባዳ ቦታ ላይ ይተኛል። ጠዋት ስትወጡ ሳሩ ነጭ አመዳይ ለብሶ ታገኙታላችሁ። የቲማቲሙን ቅጠል ጠጋ ብላችሁ ብታዩት መጀመሪያ ጠቆር ያለና ውሃ የጠጣ ይመስላል፣ ፀሐይ ሲነካው ጥቁር ሆኖ ይሟሽሻል። ውስጡ ያለው ውሃ በርዶ ሴሎቹን ቀዶታል፤ ብታጠጡት አይመለስም። እዚህ ላይ ሰው የሚገርመው ከዳገቱ ላይ ያለው ጎረቤት ጓሮ ደህና ሆኖ ከታች ያለው መመታቱ ነው። ቅናት አይደለም፣ ቀዝቃዛው አየር ቁልቁል ስለወረደ ነው።

ስለዚህ ደጋ ላይ ያላችሁ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ፎሶሊያ፣ ዱባና ድንች ሜዳው መሃል አትትከሉ። የቤቱ ግድግዳ ሥር ትከሉ። የጭቃም ሆነ የብሎኬት ግድግዳ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል። ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ ካልነፈሰ ማታ ላይ በሳር ወይም በአሮጌ ነጠላ ሸፍኗቸው፣ ፀሐይ ሲወጣ ግለጡ። ነጠላው ቅጠሉን እንዳይነካ ሁለት ሦስት እንጨት ተከሉለት። በዚያ ቀን ጠዋት አፈሩን ማጠጣትም ይረዳል፤ እርጥብ አፈር ከደረቁ የበለጠ ሙቀት ይይዛል።

ውርጭ የማይፈሩም አሉ። የሐበሻ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ባቄላ ደጋውን ይወዱታል። እንጅባራ ላይ ሆኖ ለቃሪያ ከሚለቀስ ካሮት ዘርቶ መሳቅ ይሻላል። ጎመን በጤና የተባለውም በከንቱ አይደለም።

ምን ይተከል የሚለውን ሳነሳ አንድ የግል አቋም ልናገር። ጓሯችሁ ትንሽ ከሆነ ድንችና ቀይ ሽንኩርት አትትከሉ። መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ መስኖ ለ7,000 ሄክታር ገደማ የታሰበ ነው፤ ድንቹ፣ ሽንኩርቱና ጥቅል ጎመኑ ገበያ ሲወጣ ዋጋው ይወርዳል። ለሦስት ወር ተኩል መደብ ይዞ አምስት ኪሎ ሽንኩርት የሚሰጣችሁን ነገር ለምን? ቦታውን በየሳምንቱ የሚቆረጥ ነገር ይያዘው፦ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ የሐበሻ ጎመን፣ ጥግ ጥጉን በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ ኮሰረት። አንድ ቆስጣ የውጭ ቅጠሉን እየቆረጣችሁለት ለወራት ይሰጣችኋል። ሦስት አራት እግር ቲማቲም ጨምሩ፣ በቃ።

ሽንኩርት ካልተከልኩ የሚል ካለ ግን ይህን ይወቅ። ሽንኩርት ራስ መቋጠር የሚጀምረው ቀኑ የተወሰነ ርዝመት ሲደርስ ነው። እኛ ዘንድ ቀኑ ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ይመላለሳል። ቦምቤ ሬድና አዳማ ሬድ የሚባሉት ዝርያዎች በዚህ ይረካሉ። አሜሪካ ሰሜኑ ክፍል ወይም አውሮፓ ያለ ዘመድ በፖስታ የላከላችሁ ዘር ግን አሥራ አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ብርሃን የሚጠብቅ ሊሆን ይችላል። ያ ቀን ጎጃም ላይ አይመጣም። የሚያምር አረንጓዴ ቅጠል ታገኛላችሁ፣ ሥሩን ስትነቅሉት የባሮ ሽንኩርት ነው። ለዘመድ ምስጋና አቅርቡ፣ ዘሩን ለሰላጣ ቅጠል ተጠቀሙበት።

ዘር ስትገዙ የታሸገበትን ቀን እዩ። የሽንኩርት ዘር ዓመት ከሞላው በኋላ የመብቀል አቅሙ ቶሎ ይወርዳል፤ የቲማቲምና የጎመን የተሻለ ይቆያል። ተከፍቶ በማንኪያ የሚሸጥ ዘር ከገጠማችሁ ቤት ወስዳችሁ ፈትኑት። 20 ፍሬ ቆጥራችሁ በረጠበ ጨርቅ ጠቅልሉና ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡ። የጎመን በአምስት ቀን፣ የቲማቲም በሳምንት ገደማ፣ የቃሪያ ከሁለት ሳምንት ሳያልፍ ይታያል። ከ20ው 15 ካጎነቆለ ጥሩ ነው። 8 ብቻ ከሆነ እጥፍ አድርጋችሁ ዝሩ ወይም ሌላ ግዙ። ገንዘብ ጠፋ ብሎ ከማዘን ሳምንት ቀድሞ ማወቅ ነው የሚሻለው።

ካሮትና ቀይ ሥር በቀጥታ መደባቸው ላይ ይዘራሉ። ካሮት ተነቅሎ ከተተከለ ሥሩ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ እግር ያወጣል። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ጥቅል ጎመን፣ ሽንኩርት ግን ችግኝ ማፍያ ላይ ይቆያሉ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሰለቸው። ዘሩን እንደ ጤፍ በእጁ ይበትነዋል፣ ይበቅላል፣ ይጨናነቃል፣ ከዚያ አንድ ጠዋት ግማሹ ከግንዱ ሥር ቀጥኖ ተጋድሞ ያገኘዋል። ምች መታው ይላል። ምች አይደለም፣ አፈር ወለድ ሻጋታ ነው። የሚወደው ደግሞ ሁለት ነገር ነው፦ ብዙ ውሃና የተፋፈገ አየር። በመስመር ዝሩ፣ በመስመሮቹ መካከል ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይኑር። ጥልቀቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። በስሱ ደረቅ ሳር አልብሱትና በማጠጫ አጠጡ። መብቀል ሲጀምር ሳሩን ማታ ማታ አንሱት፤ ቀን ላይ ካነሳችሁት ለስላሳውን ቡቃያ ፀሐይ ይጠብሰዋል። ከዚያ ቀለል ያለ ዳስ ሥሩለት። ሲበቅል አሳሱት፤ የምትነቅሉት ቡቃያ አንጀታችሁን ቢበላም ንቀሉት።

ማፍያ ላይ የሚቆዩበት ጊዜ ይለያያል። ቲማቲምና ጥቅል ጎመን አንድ ወር ገደማ ይበቃቸዋል። ቃሪያና ሽንኩርት አንድ ወር ተኩል ወይም ትንሽ በላይ ይፈልጋሉ። ከመዛመታቸው፣ ማለትም ከማፍያ ወደ መደብ ከመዛወራቸው ሳምንት አስቀድማችሁ ውሃውን ቀንሱ፣ ዳሱንም ቀስ በቀስ ግለጡት። ይህ ካልተደረገ በጥላና በውሃ ያደገ ችግኝ ሜዳ ሲወጣ አንድ ቀን አይቆምም።

የምታዛምቱት ማታ ላይ ነው፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ። ቀደም ብላችሁ ማፍያውን አጠጡ፣ ሥሩ ሳይበጠስ ይወጣል። ቲማቲም በእግሩ መካከል 30 ሳንቲ ሜትር፣ በመስመሩ መካከል አንድ ሜትር ይፈልጋል። ቃሪያ 30 በ70 ይበቃዋል። ጥቅል ጎመን 40 በ60። ቦታ ለመቆጠብ ብታቀራርቧቸው የምታገኙት ብዙ ቅጠልና ትንሽ ፍሬ ነው፣ ቅጠሉ ስለማይደርቅም በሽታው ይቀናዋል። ቲማቲምን ከወትሮው ጠለቅ አድርጉት፤ አፈር የነካው ግንዱ ሥር ያወጣል። ሰላጣን ግን እምብርቱን አፈር አታስነኩት፣ ይበሰብሳል።

በነጋታው ጠዋት ወጥታችሁ እዩ። አንዱ ችግኝ ከሥሩ ተቆርጦ ተጋድሞ፣ ቅጠሉ ግን ሳይበላ ካገኛችሁት ዶሮ አትክሰሱ። ከተቆረጠው አጠገብ አፈሩን በጣታችሁ ጫር ጫር አድርጉ፤ ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር ሳትሄዱ ግራጫ፣ ወፍራም፣ ሲነኩት ክብ ሆኖ የሚጠቀለል ትል ይወጣል። ቆራጭ ትል ይባላል። ሌሊት ይወጣል፣ አንዱን ቆርጦ ጥቂት ቀምሶ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ያን ቀን ካልያዛችሁት በማግስቱ ሌላ ትሄዳለች። ትሉን ለዶሮዋ ስጧት፣ ክሷን ትረሳለች። ቀሪዎቹን ችግኞች ደግሞ በካርቶን ቁራጭ ግንዳቸውን ክበቧቸው፣ ሁለት ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ይግባ።

ውሃን በተመለከተ በየቀኑ እፍኝ እፍኝ መርጨት ትልቁ ብክነት ነው። ላይ ላዩን ብቻ የረጠበ አፈር ሥሩን ወደ ላይ ይጠራዋል፣ ከዚያ አንድ ቀን ውሃ ሲጠፋ ሥሩ ፀሐይ ላይ ነው። በሦስት በአራት ቀን አንዴ ጠልቆ እስኪገባ አጠጡ። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ ስደዱ፣ ከረጠበ ተዉት። ጠዋት ማጠጣት ይመረጣል፤ ማታ የረጠበ ቅጠል እርጥብ ሆኖ ያድራል፣ ሻጋታውም ያንን ነው የሚጠብቀው። ከዚያ መደቡን ሁለት ሦስት ጣት ያህል በገለባ ጎዝጉዙት። ከክረምቱ የተረፈውን እርጥበት ከፀሐይ የሚያድነው እሱ ነው። የሰሃን እጣቢ ሳሙና ካልበዛበት ለጌሾውና ለሙዙ ይሁን፣ ለሰላጣ አይሁን። በከተማ መሃል የሚወርድ ወንዝ ውሃም በጥሬ ለሚበላ ነገር አይሆንም።

ተባይ ይመጣል፣ አይቀርም። የጎመን ቅጠል ስትገለብጡ በግራጫ ዱቄት የተሸፈነ የሚመስል ክምር ካያችሁ ክሽክሽ ነው። አንድ ሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ በቅጠሉ ታች በኩል ርጩት፣ በአምስት ቀን ድገሙት። ቲማቲም ላይ ያለው ክፉ ጠላት ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የእሳት ራት ትል ነው። መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው፣ ወደ አገራችን መግባቱ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። ቅጠሉ ላይ ነጣ ያለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ሰፊ ነጠብጣብ ይታያል፤ ትሉ በቅጠሉ ሁለት ገጽ መካከል ተኝቶ ነው የሚበላው። ኬሚካል ብትረጩ ቅጠሉ ይጋርደዋል፣ ብዙዎቹን መድኃኒቶችም ለምዷቸዋል። የተመታውን ቅጠልና ፍሬ በየሁለት ቀኑ ልቀሙ፣ በላስቲክ አስራችሁ ፀሐይ ላይ ጣሉት። ብስባሽ ውስጥ አትጨምሩት። ቲማቲም፣ ቃሪያና ድንች የአንድ ቤተሰብ ልጆች ስለሆኑ በሽታቸውም የጋራ ነው። አምና አንዱ የነበረበት መደብ ላይ ዘንድሮ ሌላውን አትትከሉ፤ ባቄላ ወይም ጎመን ይግባበት።

ግቢ የለኝም፣ ተከራይ ነኝ የሚልም አለ። የማዳበሪያ ጆንያ አፉን አጥፋችሁ አፈርና ብስባሽ እኩል ሙሉበት፣ ታችኛውን ብሱት። አንድ ጆንያ አንድ ቲማቲም ወይም አራት ቆስጣ ይይዛል። የተቆረጠ ጀሪካን ለሰላጣ ይሆናል። አከራዩ ቤት ልቀቅ ቢል ተሸክማችሁት ትሄዳላችሁ። ጆንያ ከመሬት ቶሎ ስለሚደርቅ በሁለት ቀን አንዴ ማየት ነው።

ቀኑን ለመወሰን የሚያግዘው ደግሞ ጾም ነው። አትክልት የሚወደደው በጾም ነውና ወደ ኋላ ቁጠሩ። የገና ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ ሰላጣና ቆስጣ ሁለት ወር ገደማ ስለሚወስዱ በመስከረም ሦስተኛ ሳምንት የዘራ ሰው በጾሙ መጀመሪያ ሳምንታት ይቆርጣል። ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 ቀድሞ አይገባም፣ ከመጋቢት 5ም አያልፍም። ጥቅምት መግቢያ ላይ የተዘራ ቲማቲም ኅዳር ላይ ተዛምቶ ጥር ማብቂያ ላይ መቅላት ይጀምራል፣ ለወር ከምናምንም ይለቀማል። ጥቅል ጎመን ጥቅምት 20 አካባቢ ተዘርቶ ኅዳር ማብቂያ ላይ ቢዛመት የካቲት መጨረሻ ላይ ይጠቀለላል። ካሮት ሦስት ወር ከምናምን ስጡት። ሰላጣን ግን በአንድ ጊዜ አትዝሩ፤ በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እያላችሁ ጣል አድርጉ፣ አንድ ላይ ከደረሰ ግማሹ ሳይበላ አብቦ ይመራል።